ፊደል ጠሪዋ ማዕዶት

በዘንባር ምድር ፊደል ከሕፃናት ዐይን የተሰወረው፣ ፀሐይ ሁለት ቀለበት አጥልቃ በወጣችበት ማለዳ ነበር። ወፍ አልዘመረም፤ ዶሮ አልጮኸም። አዛውንቱ ቀና ብለው ሰማዩን አዩና «ይህ ለደግ አይደለም» እያሉ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በዋና ከተማይቱ በጸዳለ፣ ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር በታች፣ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር። ከዛፉ ሥር የሰፈሩ ሕፃናት እንደ ወትሮው በሰሌን ላይ ተኮልኩለው ተቀምጠዋል። የምታስተምራቸው ማዕዶት የምትባል ወጣት ናት፤ የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ፣ ቀጭን፣ ድምፀ መረዋ። በአርጩሜዋ ጫፍ ሰሌዳው ላይ ወዳለው የመጀመሪያ ፊደል ጠቆመችና፣

«በሉ እንግዲህ፤ ይህ ማን ይባላል?» አለች።

ሕፃናቱ እርስ በርስ ተያዩ።

«ትናንት እኮ በዜማ ስትሉት ነበር! ምን ነካችሁ?»

ከፊት የተቀመጠችው ታናሽ እህቷ ልዩ፣ ዐይኗን በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ፣ «እታለም፣ ሰሌዳው ላይ እኮ ምንም የለም» አለች።

ማዕዶት በመጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ፈገግ ልትል ስትል ግን አንዱ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለው። ጫጫታውን ሰምተው የኔታ ሐመር ከጎጆአቸው ወጡ። የኔታ የማዕዶትን እናት ያስተማሩ፣ ማዕዶትንም ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። ከሰል አንሥተው በነጩ ግንብ ላይ ሰው የሚያህል ፊደል ጻፉ። ሕፃናቱ ግንቡን በእጃቸው ዳሰሱት። ከድንጋይ በቀር ያዩት ነገር አልነበረም። ለትልልቆቹ ግን ፊደሉ እንደ ቁራ ላባ ጠቁሮ ይታያል።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ከየአውራጃው ፈረሰኛ መጣ። ወሬው አንድ ነው፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ ፊደል ተሰውሮበታል።

ይህ ነገር ለሌላ አገር መከራ ቢሆን ለዘንባር ሞት ነበር። ዘንባር ድሃ ናት፤ ዝናብ ይነፍጋታል፤ ሕዝቧ በጉድጓድ ውኃ ይኖራል። ከጉድጓዶቿም ገሚሱ የሚያረካ፣ ገሚሱ የሚገድል ነው። በመልክም በጣዕምም አይለዩም። ስለዚህ የጥንት አባቶች በየጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ተክለው ‹ጠጡ› ወይም ‹አትጠጡ› ብለው ቀርጸውበታል። የዘንባር ሕፃን ብቻውን ውኃ ለመቅዳት ሳይደርስ ማንበብን የሚማረው ስለዚህ ነው። መማሪያ በሌለበት ሰፈር ያደገ እንኳ እነዚህን ሁለት ቃላት በመልካቸው ይለያል። እናትና አባት ማሳ ውለው ሲገቡ ልጃቸውን በሕይወት የሚያገኙት በፊደል ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ፣ በቆላው ሽንብሪት መንደር ናሁ የሚባል የአምስት ዓመት ልጅ እንስራ ይዞ ወጥቶ አልተመለሰም። እናቱ ላቀች ከገበያ ስትገባ ከጉድጓዱ ዳር ተኝቶ አገኘችው። ‹አትጠጡ› የሚለውን ድንጋይ ተንተርሶ ነበር።

ንግሥት ማራኪ ጉባኤ ጠሩ። አዳራሹ በመሳፍንትና በጸሐፍት ተሞላ። የኔታ ሐመር በበትራቸው ተደግፈው ከዙፋኑ ፊት ቆሙና እንዲህ አሉ፤

«ግርማዊት ሆይ፣ ይህ የለጓሚ ሥራ ነው። ለጓሚ በዝም አምባ ራስ ላይ የሚኖር ዘንዶ ነው። ሥጋ አይበላም፤ ደም አይጠጣም፤ ምግቡ ድምፅ ነው። አባቶቻችን በሰይፍ አላሸነፉትም። በንባብ አስተኙት። በዘንባር ጎጆ ሁሉ ለሕፃን ተረት እስከተነገረ፣ ፊደል እስከተነበበ ድረስ አይነቃም ተባለ። እኛስ ምን አደረግን? በድርቁ ዘመን በድሃው ሰፈር ያሉትን የሕፃናት መማሪያዎች ዘጋን። ‹ለድሃ ልጅ መጀመሪያ እንጀራ፤ ፊደል ቆይቶ ይደርሳል› አልን። ጎጆዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዝምታው ዘንዶውን ቀሰቀሰው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ንግሥቲቱ እጃቸውን አነሡ።

«የኔታ፣ ዛሬ የመወቃቀሻ ቀን አይደለም። መድኃኒቱን ይንገሩን።»

«መድኃኒቱ አለ፤ ግን መራራ ነው። ፊደልን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ወደ ዝም አምባ ይውጣ። በዘንዶው ፊት ቆሞ ከሀ እስከ ፐ ቤት እያንዳንዱን በስሙ ይጥራ። የተጠራው ፊደል ከለጓሚ ጉሮሮ ወጥቶ ወደ ሕፃናቱ ይመለሳል። ነገር ግን የጠራው ያጣል! ከአፉ የወጣው ፊደል ዳግመኛ አይታየውም። ደግሞ ቢያስተምሩት እንኳ አይበራለትም። ጥሪውም አይቋረጥ። ከተቋረጠ ዘንዶው ሁሉንም መልሶ ይውጠዋል።»

ንግሥቲቱ ወደ ጸሐፍቱ ተመለከቱ። ጸሐፍቱ ወደ መሬት ተመለከቱ። ክፉዎች አልነበሩም፤ ሰዎች ነበሩ። የኔታ «እንግዲያው እኔ አለሁ» ሲሉ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው ማዕዶት ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት ወጣች።

ፊደል ለማዕዶት እንጀራ ብቻ አልነበረም። እናቷ ስትሞት የተወችላት አንዲት የብራና መጽሐፍ ነበረች። ማዕዶት ቀትር ላይ ሕፃናቱ ሲበተኑ ከሾላው ግንድ ተደግፋ ያቺን መጽሐፍ ታነባለች። ስታነብ እናቷ አጠገቧ የተቀመጠች ይመስላታል። አሁን በጉባኤው መካከል ስትራመድ ያ ሁሉ ትዝ አላት። ቢሆንም አልቆመችም።

«የኔታ» አለች ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ስማ፣ «የእርስዎ እግር አምባውን አይወጣም። ፊደሎቹ በተመለሱ ዕለት ደግሞ የሚቀበላቸው መምህር ያስፈልጋል። እኔ እሄዳለሁ።»

«ልጄ፣ ምን እንደምትሰጪ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል፤ ስለገባኝም ነው የምፈራው።» ከዚያ ወደ ዙፋኑ ዞራ ቀኝ እጇን አነሣች። «ባጠባችኝ እናቴ፣ አባቴ በቆፈረው ጉድጓድ፣ በዚህች በደረቀችው ምድር እምላለሁ! የሕፃናቱን ፊደል ሳላስመልስ ወደ ጸዳለ በር ብመለስ፣ ምድር አትቀበለኝ!»

ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ተነሥተው ግንባሯን ሳሙ። የቤተ መንግሥቱ ዘብ አለቃ ዳምጠውም አጃቢዋ እንዲሆን አዘዙ። ዳምጠው ትከሻው በር የሚሞላ፣ ጉንጩ ላይ የጎራዴ ጠባሳ ያለበት፣ ንግግር የማይወድ ጦረኛ ነው። ማዕዶት ከአዳራሹ ስትወጣ አንድ ጎልማሳ ጸሐፊ ተከትሎ ደረሰባት። ዐይኑ ቀልቷል። «ልጆቼን የማበላው በብዕሬ ነው፤ አልቻልኩም፤ ይቅር በዪኝ» አለና የበቅሎውን ልጓም በእጇ አስያዛት። ማዕዶትም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ተቀበለችው እንጂ አልተቀየመችውም።

በከተማው በር ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የናሁ እናት ላቀች ነበረች።

«ልጄን የበላው ማን እንደሆነ ሰምቻለሁ» አለች። «ጦር አላውቅም፤ ፊደልም አላውቅም። ስንቅ ግን መሸከም እችላለሁ። አትመልሱኝ።»

ዳምጠው ሊከለክላት አፉን ከፈተ። ዐይኗን አየና ዘጋው።

*

መንገዱ በጨው ሜዳና በተሰነጣጠቀ ቀይ ምድር ላይ የሚያልፍ ነበር። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከግራር ጥላ ሥር ያርፋሉ። ላቀች ገንፎ ታማስላለች፤ ዳምጠው ጦሩን ይስላል፤ ማዕዶት ልማዷ ስለሆነ በአሸዋው ላይ በጣቷ ትጽፋለች። አንድ ቀን ዳምጠው በጎን አያት አያትና፣

«ምንድን ነው የምትጭሪው?» አለ።

«ስምዎን ጻፍኩ፣ ጋሼ ዳምጠው።»

«ስሜን ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ማየቱ ምን ያደርግልኛል?»

«እስቲ ይዩት። ይህ ‹ዳ› ነው።»

ዳምጠው ጦሩን አስቀመጠ። አጎንብሶ ተመለከተ። ከዚያ ያ ከአንበሳ ጋር ቢገጥም የማይደነግጥ ሰው፣ ድምፁ ቅጥን ብሎ «ይኼ… እኔ ነኝ?» አለ።

«እርስዎ ነዎት።»

«በልጅነቴ አባቴ ሊያስገባኝ ፈልጎ ነበር። በሰፈራችን መማሪያ አልነበረም» አለና ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ «ቀጣዩስ ማነው?» ሲል ተሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የደ ቤት የጉዞአቸው ፉከራ ሆነ። ዳምጠው ጋሻውን እየደበደበ፣ «ደ! ዱ! ዲ! ዳ! ዴ! ድ! ዶ!» እያለ በሜዳው ላይ ሲያስተጋባ በቅሎዋ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ማዕዶትም እስክታነባ ትስቃለች። ላቀች ገንፎውን እያማሰለች የማትሰማ ትመስል ነበር። ዐይኗ ግን ከአሸዋው ላይ አይነቀልም፤ የማማሰያዋም ጫፍ አንዳንዴ በአመዱ ላይ የማዕዶትን ጣት ይከተላል።

ከሜዳው ማዶ የሹክታዎች ሸለቆ ይገኛል። ሹክታ የሚባሉት የማይታዩ መናፍስት ናቸው። ነፋስ መስለው መጥተው በመንገደኛ ጆሮ ያንሾካሹካሉ፤ ብዙ ጀግናም ከዚያ ሸለቆ አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል። ሦስቱ ገና ወደ ጠባቡ ገደል ሲገቡ ብርዱ በማጅራታቸው ተሰማቸው።

«የድሃ ልጅ ፊደል ቢያውቅ ምን ሊሆን?» አለ አንዱ ሹክታ በማዕዶት ጆሮ። «የውኃ ቀጂ ልጅ ውኃ ቀጂ ነው።»

«ሆዱ ያልጠገበ ምን ያነባል?» አለ ሌላው።

«ሕፃን ምን ያውቃል? ሲያድግ ይደርስበታል። ተመለሺ… ተመለሺ…»

ማዕዶት እነዚህን ቃላት ታውቃቸዋለች። በገበያም በጉባኤም ስትሰማቸው ኖራለች። አሁን ግን ከገዛ ልቧ የሚወጡ ያህል ከበዷት፤ እግሯም ቆመ። ዳምጠው ጦሩን መዝዞ ነፋሱን ወጋ፤ ነፋሱ ሳቀበት። ያን ጊዜ ላቀች ስንቋን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና፣ እንደ እናት ወግ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ተረት ተረት!» አለች።

ሸለቆው ጸጥ አለ። ከዚያ ከየድንጋዩ ሥር፣ ከየቁጥቋጦው ውስጥ፣ ቀጫጭን የሕፃን ድምፆች እያመነቱ መለሱ፤

«የላም… በረት…»

ማዕዶት ወደ ኋላ ሸሸች። ላቀች ግን አልደነገጠችም። ዝሆን አፍንጫ ውስጥ ገብታ ዝሆኑን ያስነጠሰችውን የጉንዳኗን ተረት ጀመረች፤ ናሁ ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም የነበረውን። ዝሆኑ ሲያስነጥስ እሷም አስነጠሰች። ጉንዳኗ በአየር ላይ ስትበር እጇን ዘረጋች። ነፋሱ በእግሯ ሥር ተሰብስቦ አቧራው እንደ ሕፃናት ክብ ሠራ፤ ከአቧራውም ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ተረቱ ሲያልቅ ላቀች ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር።

«እነዚህ ክፉዎች አይደሉም» አለች ቀስ ብላ። «ተረት ያልተነገራቸው የድሮ ልጆች ናቸው። ሲባል የሰሙትን ነው የሚደግሙት።»

«እትዬ ላቀች፣ ከየት አመጣሽው ይህን ጥበብ?» አለች ማዕዶት።

«ምን ጥበብ አለው? ልጅ ሲያስቸግር ተረት ይነገረዋል እንጂ ጦር አይመዘዝበትም።»

ዳምጠው ጦሩን ዝቅ አደረገና አንገቱን አከከ። ሹክታዎቹ መንገዱን ለቀቁላቸው፤ እስከ ሸለቆው ጫፍም ነፋሱ ከኋላ ደግፎ ሸኛቸው።

*

ዝም አምባ ስሙ እንደሚለው ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ድምፅ እየሳሳ ሄደ። በመጀመሪያ የአሞራው ጩኸት ጠፋ፤ ቀጥሎ የበቅሎዋ ኮቴ፤ በመጨረሻም የገዛ እስትንፋሳቸው። በቅሎዋን ከአፋፉ በታች አስረው በእጅና በእግር ቧጥጠው ወጡ። ፀሐይ ከፍ ስትል ከጫፉ ደረሱ።

ለጓሚ በዚያ ነበር። አካሉ እንደ ግንብ አጥር አምባውን ዞሮት፣ ቅርፊቱ የዝናብ ደመና የሚመስል፣ ዐይኖቹ እንደ ደረቀ ጉድጓድ ባዶ። ጉሮሮው ብቻ ያበራል። ከጉሮሮው ሥር የተነጠቁት ፊደሎች እንደ ተሰበሰቡ ንቦች ሲርመሰመሱ ይታያሉ። ውበታቸው ልብ ይሰብራል።

ዘንዶው አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ የልዩ ድምፅ ነበር።

«እታለም» አለ። «መጣሽ?»

ማዕዶት በደረቷ ላይ በቡጢ የተመታች መሰላት።

«አትድከሚ» አለ ለጓሚ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። «የእህትሽን ብቻ ልልቀቅልሽ። አንቺም ፊደልሽን ይዘሽ ግቢ። የእናትሽን መጽሐፍ አብራችሁ ታነባላችሁ። ለማታውቂው ለቆላ ሰው ልጅ ዐይንሽን የምትሰጪው ስለምን ነው?»

እውነት ለመናገር ማዕዶት ተፈተነች። ልዩን ከሾላው ሥር በጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታስነብባት በዐይነ ሕሊናዋ አየች፤ ልቧም ክፉኛ ከጀለ። ዞር ስትል ግን ላቀች ከኋላዋ ቆማለች። ላቀች አልለመነቻትም። ማዕዶት የዚያችን እናት ባዶ ክንድ አይታ ወደ ዘንዶው ተመለሰች።

«ለእህቴ ብቻ የሚበራ ፊደል፣ ፊደል አይደለም» አለች። «የአንዱ ልጅ ድንጋዩን አንብቦ ሲመለስ የሌላው የሚቀርበት አገር ይበቃናል! ስማኝ ለጓሚ፤ ጥሪዬን ጀመርኩ። ሀ!»

ድምፅዋ ዝምታውን እንደ መብረቅ ሰነጠቀው። ከዘንዶው ጉሮሮ አንድ የብርሃን ነጥብ ፈልቅቆ ወጣና አምባውን ዞሮ ወደ ዘንባር ሜዳ ተወረወረ።

«ሁ! ሂ! ሃ!»

ለጓሚ አገሣ። ራሱን እንደ ተራራ ናዳ ወረወረ። ዳምጠው ግን ቀድሞ ዘልሎ ጋሻውን በመንጋጋው መካከል ወተፈ። ጦሩን እንደ ምሰሶ አቁሞ፣ ሁለት ትከሻውን ከላይኛው መንጋጋ ሥር አግብቶ ተሸከመው። ትንፋሹን ዘግቶ፣ ሥሩ ተገታትሮ ቆመ። ማዕዶት ጠራች። የለ ቤት፣ የሐ ቤት፣ የመ ቤት… ብርሃኖቹ እንደ ወፍ መንጋ ተነሥተው ሰማዩን ሸፈኑት።

በውስጧ ደግሞ ይጨልም ነበር። የመ ቤትን ስትጨርስ የገዛ ስሟ ገጽታ ከአእምሮዋ እንደ ጤዛ ተነነ። በቃሏ የምታውቃቸው የእናቷ መጽሐፍ ገጾች አንድ በአንድ ተገልጠው ነጭ ሆኑ። እንባዋ ይወርዳል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። ላቀች ከኋላ ወገቧን ይዛ፣ «አይዞሽ! ሌላ! ሌላ ጨምሪ!» ትላለች፤ ምጥ የያዛትን ሴት እንደምታዋልድ።

የደ ቤት ላይ ሲደርሱ ከለጓሚ ጉሮሮ ገሚሱ ሳይሆን አብዛኛው ባዶ ነበር። ዘንዶው መጥፊያው እንደ ደረሰ አወቀ። ጅራቱን ከአምባው ሥር አንሥቶ አላጋ።

«ደ! ዱ! ዲ—»

ምቱ ማዕዶትንና ላቀችን አንሥቶ ከቋጥኝ ጋር አጋጫቸው። የማዕዶት ትንፋሽ ተቆረጠ። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። በሰማይ ላይ የነበሩት ብርሃኖች በረራቸውን ገቱ። ቀስ በቀስም ወደ ኋላ፣ ወደ ዘንዶው ጉሮሮ መሳብ ጀመሩ።

ዳምጠው አየ። መንጋጋውን የተሸከመው በዘጋው ትንፋሽ ነው። አፉን ቢከፍት ጉልበቱ እንደሚከዳው ጦረኛ ነውና ያውቃል። ለአፍታ ወደ ማዕዶት ተመለከተ፤ በጠባሳው ጉንጩ ላይም ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ በሜዳው ላይ ሲፎክርበት በነበረው ድምፅ ጮኸ፤

«ዳ! ዴ! ድ! ዶ!»

አራቱ ብርሃኖች ከዘንዶው አፍ በትከሻው ላይ አልፈው በረሩ። ያፈገፈጉትም ተከተሏቸው። መንጋጋው በጀግናው ላይ ወረደ።

«ጋሼ ዳምጠው!» ስትል ማዕዶት ትንፋሽዋ ተመለሰ። የማልቀሻ ጊዜ እንደሌላትም አወቀች። በጉልበቷ ተነሥታ፣ ደም በአፏ እየፈሰሰ፣ «ጀ! ጁ! ጂ!» እያለች ቀጠለች። እየጠራች ወደ ፊት ሄደች። የገ ቤት፣ የጠ ቤት፣ የፈ ቤት… ከዘንዶው አፍንጫ ፊት ደርሳ የመጨረሻውን «ፖ!» ስትል፣ ለጓሚ እንደ ተቀደደ አቁማዳ ሟሸሸ። ድምፅ እየበላ የሚኖር ድምፅ ካጣ ምን ይሆናል? ቅርፊቱ ግራጫ ሆነ፤ አካሉ ጠነከረ። ዘንዶው በዝም አምባ ራስ ላይ ተራ ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ወዲያው አሞራ ሲጮኽ ተሰማ። ከአፋፉ በታችም በቅሎዋ አናፋች።

ዳምጠውን ከድንጋዩ መንጋጋ ሥር አውጥተው፣ ዘንባር ሁሉ በምትታይበት ጎን ቀበሩት። ላቀች ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ አቆመች። የጦሩን ስባሪ አንሥታ ከድንጋዩ ፊት ተንበረከከችና ረጅም ጊዜ እየጫረች ቆየች። በአመዱ ላይ የተለማመደችውን እያስታወሰች ትቀርጻለች። ሲያልቅ ዞር ብላ፣

«ማዕዶትዬ፣ ስሙ እንዲህ ነበር? አልተሳሳትኩም?» አለቻት።

ማዕዶት ድንጋዩን አየች። ዳምጠው ከጠራላት ከ‹ዳ› በቀር፣ ዶሮ የጫረው የመሰለ መስመር እንጂ ሌላ ነገር አልታያትም። ጠጋ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች። «አንቺ ንገሪኝ።»

ላቀችም ጣቷን ከፊደል ፊደል እያዘዋወረች፣ «ዳ… ም… ጠ… ው» ብላ አነበበችላት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ።

*

ጸዳለ ሲደርሱ የከተማው ሕዝብ በእልልታ ተቀበላቸው። ሕፃናቱ በየግንቡ፣ በየበሩ፣ በየድንጋዩ ላይ ያገኙትን ሁሉ በጩኸት ያነባሉ። የኔታ ሐመር ድምፃቸው እስኪዘጋ አስተምረው ነበር። ልዩ ሮጣ የእህቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ንግሥት ማራኪ በአደባባይ ቆመው፣ «ለማዕዶት ምን ይሰጣት? ወርቅ ከሆነ ወርቅ፤ ምድር ከሆነ ምድር ትጠይቀን» አሉ።

«ግርማዊት ሆይ» አለች ማዕዶት፣ «የተዘጉት መማሪያዎች ይከፈቱ። ሲከፈቱም ከድሃው መንደር ይጀመር፤ ጸዳለ በኋላ ትድረስ። ለሕፃን ተረት የማይነገርበት፣ መጽሐፍ የማይነበብበት ጎጆ በዘንባር አይኑር። ወላጁ ማንበብ ባይችል እንኳ ያውራለት፤ ይዝፈንለት፤ ስሙን ይጥራለት። ፊደሉ በዚያ ላይ ይበቅላል። ዳምጠው በሰፈሩ መማሪያ ቢኖር ኖሮ፣ በአርባ ዓመቱ ሳይሆን በአራት ዓመቱ ስሙን ባየ ነበር።»

አንድ መስፍን ‹ግምጃ ቤቱ ድሃ ነው› ሊል ጉሮሮውን ጠረገ። ንግሥቲቱ በዐይናቸው አስቀመጡት። አዋጁ በዚያው ቀን በነጋሪት ተነገረ።

ከዚያ በኋላ ማዕዶት በጸዳለ ብዙ አልተቀመጠችም። መጽሐፍ በበቅሎ ጭና ከመንደር መንደር እየዞረች ለወላጆች ታድል ነበር። የኔታ እንደገና ፊደል ሊያስተምሯት ደጋግመው ሞከሩ፤ እንደ ተባለው አልበራላትም። አንዳንድ ቀን ሰው የማያያት ቦታ ተቀምጣ የእናቷን መጽሐፍ ትገልጣለች። ገጹን በመዳፏ ትዳብሳለች፤ ትዘጋለች። ሐዘኗን አልደበቀችም፤ ተጸጽታም አታውቅም።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ በአገሪቱ ዳርቻ ባለች በአንዲት የሸክላ ሠሪዎች መንደር አንዲት ወጣት እናት አገኘች። ሴቲቱ ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። ፊደል ከቆጠረች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ጠሪዋን በስም እንጂ በመልክ አታውቃትም። ማዕዶት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠቻት።

«ለልጅሽ አንብቢለት።»

«አዬ እመቤቴ» አለች ሴቲቱ አፍራ፣ «ገና እየተንተባተብኩ ነው። እሱስ ቢሆን ጨቅላ፣ ምን ይሰማል ብለው ነው? እርስዎ ያንብቡለት፤ የርስዎ ያምራል።»

ማዕዶት በቅሎዋን ከግንድ አሰረች። ከሴቲቱ ጎጆ ደፍ ላይ ተቀምጣም እግሯን ዘረጋች።

«ተንተባተቢ፤ ግድ የለም» አለቻት። «እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»

ሴቲቱ አጠገቧ ተቀመጠች። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረች፤ ከንፈሯን አረጠበች፤ አንድ ቃል አነበበች። ቀጥሎ ሌላ። ሕፃኑ ከጀርባዋ አንገቱን አስግጎ የእናቱን አፍ ለማየት ታገለ። ማዕዶት ዐይኗን ጨፍና አዳመጠች።